«ኤቫንጌሊሽ» ብለው የሞሉት አንድ ቃል፦ ስለ ጀርመን የቤተ ክርስቲያን ግብር የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮሎኝ ነው። መጋዘን ውስጥ ከተቀጠርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። በየወሩ የደሞዝ ወረቀቴ ላይ ‹ኪርሸንሽቶየር› (የቤተ ክርስቲያን ግብር) በሚል መስመር 21 ዩሮ ገደማ ይቆረጥብኛል። አገር ቤት እያለሁ የሙሉ ወንጌል አማኝ ነበርኩ። እዚህም የማመልከው በሐበሾች ኅብረት ነው፣ አሥራቴንም የምሰጠው እዚያው ነው። ጀርመን ሴኩላር አገር ነው ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ መንግሥት እንዴት ለቤተ ክርስቲያን ግብር ይሰበስባል? አንዱ ‹የደሞዝህ 9 በመቶ ነው የሚሄደው› ይለኛል። ሌላው ‹ፍርድ ቤት ሄደህ ሃይማኖት የለኝም ብለህ ፈርም፣ የአራት ዓመቱንም ይመልሱልሃል› ይላል። ክርስቶስን መካድ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። የመኖሪያ ፈቃዴስ ይነካ ይሆን? ልጄ የምትውልበት ኪታ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ የቤተ ክርስቲያን ነው። ባለቤቴ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በሚያስተዳድረው ሆስፒታል ነርስ ናት፤ እሷም የተመዘገበችው እንደ እኔው ነው። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦ ከቁጥሩ ልጀምር። 9 በመቶው የሚሰላው ከደሞዝዎ ሳይሆን ከደሞዝዎ ላይ ከሚቆረጠው የገቢ ግብር ነው። የወር ግብርዎ 300 ዩሮ ቢሆን የቤተ ክርስቲያኑ ድርሻ 27 ዩሮ ነው። ባየርንና ባደን ቩርተምበርግ 8 በመቶ ያስከፍላሉ፤ እርስዎ ያሉበትን ኖርድራይን ቬስትፋለንን ጨምሮ የቀሩት ክፍለ ግዛቶች በሙሉ 9 በመቶ ነው። ስለዚህ የእርስዎ 21 ዩሮ የተሰላው 233 ዩሮ ገደማ በሆነ ግብር ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን የገቢ ግብር አይተው 9 በመቶውን ቢያወጡና ከ21 ዩሮ ከፍ ቢልብዎት ግን አይደንግጡ። ልጅዎ በግብር መዝገብዎ ውስጥ ስላለች ለቤተ ክርስቲያኑ ግብር ብቻ የሚያገለግል ዝቅ ያለ መነሻ ተወስዶልዎታል። ገቢው ትንሽ ሆኖ የገቢ ግብር የማይደርስበት ሰው ይህንንም አይከፍልም።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ገንዘብ የሚቆረጠው ክርስቲያን ስለሆኑ አይደለም። የሚቆረጠው ጀርመን እንደገቡ አድራሻዎን ሲያስመዘግቡ፣ አንሜልዱንግ በምንለው ቅጽ ላይ፣ በሃይማኖት ረድፍ «ኤቫንጌሊሽ» የሚል ቃል ስለገባ ነው። እርስዎ ያሰቡት «ወንጌላዊ» የሚለውን የአገር ቤት ቃል ነው፤ ምናልባትም አብሮዎት የሄደው አስተርጓሚ እንደዚያ ተርጉሞታል። መዝገበ ቃላትን ካየን አልተሳሳተም። በጀርመን የመዝገብ ቋንቋ ግን «ኤቫንጌሊሽ» ማለት ከሉተርና ከካልቪን ተሐድሶ የመጡት፣ በክፍለ ግዛት የተዋቀሩት የላንደስኪርሸ ቤተ ክርስቲያናት አባል ማለት ነው። በኮሎኝ ይህ የራይንላንድ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። የሙሉ ወንጌል፣ የቃለ ሕይወት፣ የመሠረተ ክርስቶስ ወይም የሕይወት ብርሃን አማኝ እዚህ አገር የሚመሳሰለው ፍራይኪርሸ (ነጻ ቤተ ክርስቲያናት) ከሚባሉት፣ ከባፕቲስቶች፣ ከሜኖናይቶችና ከጴንጤቆስጤዎቹ ጋር ነው። እነዚህ በምእመናን ስጦታ የሚተዳደሩ ስለሆኑ በአብዛኛው በመንግሥት በኩል ግብር አያስሰበስቡም።

መካነ ኢየሱስ ግን ሉተራዊት ናት። ስለዚህ ከመካነ ኢየሱስ የመጣ ሰው «ኤቫንጌሊሽ» ብሎ ቢሞላ በእርግጥም በእነሱ ሕግ አባል የመሆን ፈቃዱን እንደገለጸ ይቆጠራል። ከውጭ የሚመጣ ወንጌላዊ ክርስቲያን ለመዝገብ ቤቱ በሰጠው ቃል ብቻ አባል እንደሚሆን የቤተ ክርስቲያኒቱ የአባልነት ሕግ ይደነግጋል። በግእዝ ሥርዓት የሚቀድስ ካቶሊክም ቢሆን በጀርመን ሕግ ካቶሊክ ነው፣ ይከፍላል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመንና ሙስሊም በዚህ መንገድ አይከፍሉም።

«አላወቅኩም ነበር» የሚለው መከራከሪያ ምን ያህል እንደሚያስኬድ አንድ የፍራንክፈርት ጉዳይ ያሳየናል። በ2002 (ዓ.ም. ካልተባለ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከፈረንሳይ የመጡ ባልና ሚስት በምዝገባው ቅጽ ላይ አይሁዳዊ መሆናቸውን የሚገልጽ ቃል ሞሉ። የከተማዋ የአይሁድ ማኅበረሰብ አባሎቼ ናቸው ብሎ ግብር ጠየቃቸው። እነሱ ሃይማኖታችንን ተናገርን እንጂ ወደ እናንተ ማኅበር አልገባንም ብለው ተከራከሩ። በ2010 የፌዴራሉ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በ2014 ግን የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ያንን ፍርድ ሻረው፤ ጉዳዩ የተመለሰለት የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በ2016 ለማኅበረሰቡ ወሰነ። ዳኞቹ የመዘኑት ሰዎቹ በልባቸው ያሰቡትን ሳይሆን፣ ቅጹን የሚያነብ ሰው ቃሉን እንዴት እንደሚረዳው ነው። የእርስዎ ጉዳይ ከዚህ የሚለየው ከመጀመሪያውም የሌላ ቤተ እምነት አባል በመሆንዎ ነው። ይህ ክርክርዎን ያጠነክረዋል፤ ሆኖም ያለ ጥርጥር ያሸንፋሉ የሚል ሰው ቢያጋጥምዎት አይመኑት።

«ሴኩላር ከሆነ እንዴት?» የሚለው ጥያቄዎ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም እኛ ሴኩላር ስንል የምናስበው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» ይላል፣ ጣልቃ መግባትንም ለሁለቱም ወገን ይከለክላል። ጀርመንም መንግሥታዊ ቤተ ክርስቲያን እንደሌላት የጻፈችው ንጉሡ በወረደ ማግስት፣ በ1919ኙ የቫይማር ሕገ መንግሥት ነው። ያው ሕገ መንግሥት ግን በዚያው አንቀጽ፣ ዘላቂነታቸውን በአደረጃጀታቸውና በአባሎቻቸው ብዛት ያረጋገጡ የሃይማኖት ማኅበራት የሕዝብ ሕግ ሰውነት፣ ማለትም በሕግ የታወቀ የሕዝብ ተቋም ደረጃ፣ አግኝተው ከራሳቸው አባላት ግብር እንዲሰበስቡ ፈቀደ። በ1949 አዲሱ ሕገ መንግሥት፣ መሠረታዊ ሕግ የሚባለው፣ ሲወጣ እነዚያን አንቀጾች እንዳሉ ወሰዳቸው። ዛሬም ሕግ ናቸው። ጀርመኖች የመረጡት ሁሉንም በእኩል ርቀት የሚያይ፣ ሲፈልግ ግን ከሁሉም ጋር የሚሠራ መንግሥትን ነው። የፈረንሳይ የ1905 ሕግ በተቃራኒው ለማንኛውም ሃይማኖት ደሞዝም ድጎማም አልሰጥም ብሏል። እዚያም ቢሆን አልዛስና ሞዜል በ1905 በጀርመን እጅ ስለነበሩ እስከ ዛሬ ቀሳውስታቸው ደሞዝ የሚቀበሉት ከመንግሥት ነው። ንጹሕ ሴኩላሪዝም በወረቀት ላይ እንጂ በምድር ላይ አላየሁም።

ለግብሩ ሥር የሆነው ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የመሬት ታሪክ ነው። በ1803 በራይን ግራ ዳር ያለውን ግዛታቸውን ለፈረንሳይ ያጡ የጀርመን መሳፍንት ካሳ እንዲሆናቸው የቤተ ክርስቲያንን ርስትና ገዳማት ወሰዱ፣ በምትኩም ቤተ ክርስቲያኒቱን ለመደጎም ግዴታ ገቡ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሕዝቡ ሲበዛና ወጪው ሲያድግ መንግሥታቱ ሸክሙን ከግምጃ ቤታቸው ወደ ምእመኑ አዞሩት፤ የቤተ ክርስቲያን ግብር የተወለደው ያኔ ነው። በእኛ አገር በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ኦርቶዶክስ ተዋሕዶን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ ነበር፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ቤተ ክርስቲያኒቱ ርስቷን አጣች። በሰበካ ጉባኤ በኩል የሚሰበሰበው የአባላት መዋጮ የህልውናዋ ጉዳይ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ልዩነቱ ጀርመን መዋጮውን በግብር ሰብሳቢው እጅ ማድረጓ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ፊናንስአምቱ፣ ይህን የሚያደርገው በነጻ አይደለም። እንደ ክፍለ ግዛቱ ከሰበሰበው ከ2 እስከ 4 በመቶ ገደማ የአገልግሎት ዋጋ ያስቀራል።

ሥርዓቱ ልክ ነው ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ አባል ከአቅሙ ጋር የተመጣጠነ መዋጮ መክፈሉን አልቃወምም። መውጣት ለሚፈልግ በሩ ክፍት ነው፣ አባል ያልሆነም ይህንን ግብር አይከፍልም። ኢጣሊያ ሌላ መንገድ አላት። ከገቢ ግብሩ ከሺህ ስምንቱ (0.8 በመቶው) ተለይቶ ግብር ከፋዩ ለየትኛው ቤተ እምነት ወይም ለመንግሥት እንደሚሄድ ይመርጣል። ያልመረጠው ሰው ድርሻ ግን ሌሎቹ በመረጡት መጠን ስለሚከፋፈል ዝም ያለ ሁሉ ሳያውቀው ድምፁን ለሌላ ሰጥቷል። ኦስትሪያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው ሰብስበው ያልከፈለውን ይከስሳሉ። ከእነዚህ ሲነጻጸር የጀርመኑ የከፋ አይደለም።

የምቃወመው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የ1803ቱ ካሳ ነው። ከሃምቡርግና ከብሬመን በስተቀር ክፍለ ግዛቶቹ እስከ ዛሬ ለሁለቱ ትልልቅ ቤተ ክርስቲያናት በዓመት ከ500 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ይከፍላሉ። ይህ ከአባላት መዋጮ ሳይሆን ሙስሊሙም ሃይማኖት የሌለውም ከሚከፍለው ጠቅላላ ግብር የሚወጣ ነው። የቫይማር ሕገ መንግሥት እንዲቋረጥ ካዘዘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ በ2021 የተመሠረተው ጥምር መንግሥትም ቃል ገብቶ ሳይፈጽመው ቀረ። ሁለተኛው እርስዎን የነካው ነው። ሕገ መንግሥቱ ማንም እምነቱን እንዲገልጥ እንደማይገደድ ይናገርና፣ መብትና ግዴታን የሚያስከትል አባልነትን ግን ባለሥልጣን ሊጠይቅ እንደሚችል ይፈቅዳል። ይህ ከሆነ ቅጹ ለአዲስ መጤ «ይህ መልስህ ግብር ያስከትላል» ብሎ በሚገባው ቋንቋ መናገር አለበት። ቋንቋውን ገና ሀ ብሎ ያልጀመረ ሰው በአንድ ቃል የዓመታት ዕዳ መግባት የለበትም። ይህን የምለው በሥራዬ ጠረጴዛ ላይ ይህንኑ ቃል የያዘ የሐበሻ ደሞዝ ወረቀት ደጋግሜ ስላየሁ ነው።

ስለ ኪታው ያለዎት ስጋት ብዙ ጀርመኖችም የሚጋሩት የተሳሳተ ግምት ላይ የቆመ ነው። መዋዕለ ሕፃናቱም ሆስፒታሉም በቤተ ክርስቲያን ስም ቢጠራ በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው በቤተ ክርስቲያን ግብር አይደለም። ኪታው ከከተማው፣ ከክፍለ ግዛቱና ከወላጆች ክፍያ ይተዳደራል፤ ሆስፒታሉ የሕክምናውን ወጪ ከጤና መድን፣ የሕንጻና የመሣሪያውን ደግሞ ከክፍለ ግዛቱ ያገኛል። በ2022 ሁለቱ ቤተ ክርስቲያናት በግብር ካገኙት 13 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የሄደው ለቀሳውስትና ለሠራተኞች ደሞዝ፣ ለአጥቢያ ሥራና ለሕንጻ ነው። ስለዚህ አባትየው ከቤተ ክርስቲያን ወጣ ተብሎ ቦታ ያገኘች ልጅ ከኪታ አትባረርም። አዲስ ቦታ ሲፈለግ ግን አንዳንድ የቤተ ክርስቲያን ኪታ አባላትን ሊያስቀድም ይችላል። ሁለተኛ ልጅ የሚያስመዘግቡ ከሆነ ይህን ከግምት ያስገቡ።

የመኖሪያ ፈቃድም ሆነ ዜግነት ከቤተ ክርስቲያን አባልነት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በ2022 ብቻ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ከሁለቱ ቤተ ክርስቲያናት ወጥቷል፤ ዛሬ ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ የማይሞላው ነው የእነሱ አባል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጥገኝነት ያገኙት በሃይማኖትዎ ምክንያት ከሆነ፣ ለምሳሌ በ2002 ከአራት ቤተ እምነቶች በቀር ሁሉም ከተዘጉባት ኤርትራ በጴንጤቆስጤ እምነት ተሰደው የመጡ ከሆነ፣ ወይም ጉዳይዎ ገና በሂደት ላይ ከሆነ፣ ምንም ወረቀት ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃዎን ያነጋግሩ። ከሚያመልኩበት ኅብረትም አባልነትዎንና ተሳትፎዎን የሚመሰክር ደብዳቤ ይያዙ። «ከቤተ ክርስቲያን ወጥቷል» የሚል አንድ መስመር ብቻውን በፋይል ውስጥ ሲነበብ በስሕተት ሊተረጎም ይችላል።

«ፍርድ ቤት» የሚለው ቃል አያስፈራዎት። በኖርድራይን ቬስትፋለን የመውጫውን መግለጫ የሚቀበለው አምትስገሪሽት፣ ማለትም የወረዳው ፍርድ ቤት ነው። በባየርን ግን የክብር መዝገብ ሹሙ ዘንድ፣ ሽታንደስአምት ይኬዳል። ከሳሽም ተከሳሽም የለም። ቀጠሮ ይይዛሉ፣ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያሳያሉ፣ 30 ዩሮ ይከፍላሉ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳሉ። ምክንያት አይጠየቁም፤ የሚጠይቅ ሠራተኛ ቢያጋጥምዎትም የመመለስ ግዴታ የለብዎትም። የሚፈርሙት «ሃይማኖት የለኝም» ወይም «አላምንም» የሚል አይደለም። ወረቀቱ የሚለው ከራይንላንድ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መውጣትዎን ብቻ ነው፤ ስለ ክርስቶስ አንድም ቃል የለበትም። ለሕሊናዎ ከመጋቢዎ ጋር ይነጋገሩ፣ ያ የእኔ ሙያ አይደለም። ካቶሊክ ለሆኑ አንባቢዎች ግን ነገሩ ከበድ ይላል። የጀርመን ጳጳሳት ጉባኤ በ2012 ባወጣው ድንጋጌ መሠረት በመንግሥት ፊት የወጣ ካቶሊክ ምስጢራትን ከመቀበልና የክርስትና አባት ወይም እናት ከመሆን ይከለከላል።

የአራት ዓመቱ ይመለሳል ያለዎት ሰው ተሳስቷል። መውጣት ወደ ኋላ አይሠራም፤ ግዴታው የሚቋረጠው መግለጫውን በሰጡበት ወር መጨረሻ ነው። ያለፈው ሊመለስ የሚችለው ከመነሻው አባል አልነበርኩም ብለው ከተከራከሩና ከተቀበሉዎት ብቻ ነው። ለዚህ ከአገር ቤት ቤተ ክርስቲያንዎ የአባልነትና የጥምቀት ማስረጃ፣ ከኮሎኙ ኅብረትም ከመቼ ጀምሮ አባል እንደሆኑ የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የግብር ውሳኔ ደርስዎት አንድ ወር ካለፈው ያ ዓመት በአብዛኛው ተዘግቷል፤ ያልተዘጋው ላይ በአንድ ወር ውስጥ ተቃውሞ ማስገባት አለብዎ። የዓመት ግብር ማስታወቂያ ጨርሶ አስገብተው የማያውቁ ከሆነ ግን የአራቱን ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰው ማስገባት የሚችሉበት ዕድል ይኖራል። የከፈሉት የቤተ ክርስቲያን ግብር ያለ ገደብ ከሚታሰብበት ገቢ ይቀነሳል። በዓመት 252 ዩሮ ከፍለው የገቢ ግብር እርከንዎ 25 በመቶ ቢሆን ከ60 ዩሮ በላይ ሊመለስልዎ ይችላል ማለት ነው። ብዙ ወገኖቻችን ይህችን ሳይጠይቁ ያልፋሉ።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። ከጠየቁት ሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። የካቶሊኩ ካሪታስና የወንጌላውያኑ ዲያኮኒ፣ የቤተ ክርስቲያናቱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ በአንድ ላይ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ ግዙፍ ቀጣሪዎች ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያናቱም በራሳቸው የሥራ ሕግ የመመራት መብት አላቸው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2018 የአባልነት ጥያቄ ከሥራው ጠባይ ጋር በእርግጥ መያያዙን ፍርድ ቤቶች ሊመረምሩ ይገባል ብሎ ወስኗል። የካቶሊክ ቀጣሪዎችም በ2022 ባሻሻሉት ደንብ የሠራተኛውን የግል ኑሮ፣ ፍቺና ዳግም ጋብቻን ጭምር፣ መመርመር ትተዋል። ከቤተ ክርስቲያን መውጣትን ግን ዛሬም እንደ ከባድ ጉዳይ ይይዙታል። በወንጌላውያኑ ዘንድ ሁኔታው እንደ ሥራው ዓይነትና እንደ ውሉ ይለያያል፤ ብዙ ቦታ ከመጀመሪያውም የሌላ ቤተ እምነት አባል የሆነን ነርስ ይቀጥራሉ፣ በቅጥር ላይ እያለ የወጣን ሰው ግን በሌላ ዓይን ያዩታል። ስለዚህ ባለቤትዎ ውሏን በሠራተኛ መብት አማካሪ ወይም በሠራተኛ ማኅበሯ ሳታስነብብ አምትስገሪሽት እንዳትሄድ። እርስዎ በመውጣትዎ ግን የእሷ ሥራ አይነካም። አባልነት የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ነው።

እርስዎ ወጥተው እሷ ስትቀር ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ባልና ሚስት ግብራቸውን በአንድነት ሲያሳውቁና አባል የሆነው ወገን ገቢ የሌለው ወይም በጣም ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሲሆን፣ የራይንላንዷ ቤተ ክርስቲያን በጋራ ገቢያቸው ላይ ተመሥርታ ልዩ የቤተ ክርስቲያን መዋጮ፣ ኪርሽጌልት የሚሉትን፣ ልትጠይቅ ትችላለች። ባለቤትዎ ሙሉ ሰዓት የምትሠራና ከእርስዎ ብዙም የማታንስ ከሆነ አይደርስባችሁም። በወሊድ ፈቃድ ላይ ከሆነች ወይም ሰዓቷን ከቀነሰች ግን አስቀድማችሁ አስሉት። ግብሩን በተናጠል በማሳወቅ መዋጮውን ማስቀረት ይቻላል፤ ባለትዳሮች በጋራ በማሳወቅ የሚያገኙትን ቅናሽ ስለሚያሳጣ ግን የሚያዋጣው ለጥቂቶች ነው።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ እርስዎ ይውጡ፣ ባለቤትዎ ለጊዜው ትቆይ። እርስዎ የማያመልኩበት፣ መጋቢውን የማያውቁት አጥቢያ አባል ሆነው መዝገብ ላይ መቆየትዎ ለእነሱም ለእርስዎም እውነት አይደለም። ያለፈውን ገንዘብ እስካስመልስ ብለው መውጫውን አያዘግዩ፤ እያንዳንዱ የዘገየ ወር 21 ዩሮ ነው። በዚህ ወር ቀጠሮ ይያዙ፣ ከዚያ ላሉበት የወንጌላዊት አጥቢያ ጽሕፈት ቤት ማስረጃዎን አያይዘው ይጻፉ። ቀድሞም የሙሉ ወንጌል አባል እንደነበሩ፣ «ኤቫንጌሊሽ» የሚለው ቃል በትርጉም ስሕተት እንደገባ፣ አሁን የወጡትም ለጥንቃቄ እንጂ ቀድሞ አባል መሆንዎን ስላመኑ እንዳልሆነ በግልጽ ያስፍሩ። ቢቀበሉዎት መልካም፤ ባይቀበሉዎት ለአራት ዓመቱ አንድ ሺህ ዩሮ ገደማ ብለው ወደ ሙሉ የፍርድ ቤት ክርክር እንዲገቡ አልመክርም። የጠበቃው ዋጋ ይበልጣል።

ሁለት አቋራጮችን ይተዉ። አንደኛው ወደ ከተማው መዝገብ ቤት ሄዶ «ሃይማኖቴን ሰርዙልኝ» ማለት ነው፤ እነሱ ይህን የማድረግ ሥልጣን የላቸውም። ሁለተኛው ሌላ ከተማ ሲዛወሩ ረድፉን ባዶ መተው ወይም «ኦርቶዶክስ» ብሎ መሙላት ነው። አባልነቱ በዚህ አይቋረጥም፣ ከዓመታት በኋላ ሲታወቅም ያልተከፈለው ተደምሮ ይመጣል፤ የሐሰት መረጃ መስጠትዎ ደግሞ ሌላ ችግር ነው።

አሥራትዎን በተመለከተ፣ ኅብረቱ የተመዘገበ ማኅበር፣ ፌራይን፣ መሆኑንና ፊናንስአምቱ ለሕዝብ ጥቅም የቆመ ብሎ የተቀበለው መሆኑን ሰብሳቢዎቹን ይጠይቁ። ከሆነ በቅርጫት ጥሬ ገንዘብ መጣሉን ትተው በባንክ ይላኩ፣ የዓመቱንም የስጦታ ደረሰኝ ይቀበሉ። እንዲህ ያለ ስጦታ ከዓመት ገቢዎ እስከ 20 በመቶ ድረስ ይቀነስልዎታል። በወር 100 ዩሮ ቢሰጡና እርከንዎ 25 በመቶ ቢሆን በዓመት 300 ዩሮ ገደማ ይመለሳል፣ ይህም አሁን በቤተ ክርስቲያን ግብር ከሚቆረጥብዎት ይበልጣል። ኅብረታችሁ ይህ እውቅና ከሌለው መሪዎቹ እንዲጀምሩት ያሳስቡ፤ ምእመናኑ ሁሉ በየዓመቱ የሚያጡት ገንዘብ ነው።

ልጅዎም «ኤቫንጌሊሽ» ተብላ ተመዝግባ ከሆነ ወላጆቿ ተስማምታችሁ ልታወጧት ትችላላችሁ፤ 12 ዓመት ከሞላት ያለ ፈቃዷ አይቻልም፣ ከ14 ጀምሮ ደግሞ ውሳኔው የራሷ ብቻ ነው። ገቢ ስለሌላት ጉዳዩ አያስቸኩልም።

አምትስገሪሽቱ የሚሰጥዎትን የመውጫ ማረጋገጫ ዋናውን ከጋብቻና ከልደት የምስክር ወረቀቶች ጋር ያስቀምጡ። ፍርድ ቤቱ ሰነዱን ለዘለዓለም ላይዘው ይችላል፤ ሌላ ክፍለ ግዛት ሲዛወሩ፣ ከአሥርና ሃያ ዓመት በኋላም ቢሆን፣ መውጣትዎን አስረዱ ሊባሉ ይችላሉና። በሚቀጥለው ወር የደሞዝ ወረቀት ላይ መስመሩ ካልጠፋ የማረጋገጫውን ቅጂ ይዘው ወደ ፊናንስአምቱ ይሂዱ፤ ለውጡ ለአሠሪዎ የሚደርሰው ከእነሱ መዝገብ ነው።